አርባ አንድ የሞላው መቁጠሪያ

ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከሐይቁ ዳር፣ ባሕር ዳር ዙሪያ

ለልጄ ለእናትዓለም፣ ቆጵሮስ

ባሕር ተሻግረሽ ያለሽው ልጄ፣ የአባትሽ አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ፣ ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ። እንዴት ከረምሽ? የምትጦሪያቸው አሮጊትስ እንዴት ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን አብሮኝ ያረጀ ነውና አልፈርድበትም።

«ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈሽ?» እንዳትዪኝ። ኔትወርኩ አንድ ቀን ቢመጣ ሳምንት ይጠፋል። የመጣ ዕለት ደግሞ ቤቱ ሁሉ ስልኩ ላይ ይከመራል፤ ወንድምሽ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፣ የልጅ ልጄ ዜማ ታለቅሳለች፣ ጎረቤት «እኔንም ሰላም በሉልኝ» እያለ ይገባል። የልብ ነገር በዚያ መሐል አይወራም። አባትሽ ነፍሳቸውን ይማረውና ፊደል ያስቆጠሩኝ ለዚህ ቀን ብለው ነው።

የላክሽው ዕቃ ለገና ደረሰ። ሹራቡ ልኬ ነው። የጉልበቱ ቅባት ግን ሽታው ከሩቅ ይጣራል፤ ተቀብቼ ቤተ ክርስቲያን ብሄድ ከቄሱ የዕጣን ጽና ቀድሜ እኔ እታወቃለሁ። ለሌሊት ብቻ አድርጌዋለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የወንድምሽ ሚስት የብርጓል ዜማን ከወለደች ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። እስካሁን ምንም የለም። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ትሠራለች፣ ታከብረኛለች፣ አፏም ቁጥብ ነው። ግን ወንድምሽ ቄስ ነው፤ የአባቱን ዜማና ቅኔ የሚረከበው ማን ነው? ሴት ልጅ ጠልቼ አይደለም። ዜማን ክፉ ዓይን ያየብኝን እኔው ነኝ የምደርስለት። ነገር ግን ባለ አንድ ዓይን በአፈር አይጫወትም ይባል የለ?

አንድ ያስደሰተኝ ነገር አለ። ከአልጋዋ ራስጌ መቁጠሪያ ሰቅላለች፤ ቀይ፣ ቡኒና ነጭ ፍሬ ያለው፣ አንዲት የጎማ ቀለበት የምትንሸራተትበት። በየጠዋቱ ሳትነካው አትወጣም። ያን ያህል ጸሎተኛ መሆኗን አላውቅም ነበር። በአንቺ ዕቃ መሐል መጥቶ እንደሆን ጠርጥሬያለሁ። የዚያ አገር መነኮሳት የባረኩት ነው? እንግዲያውስ ለእናትሽም አንድ መቁጠሪያ አይነፈጋትም።

እናትሽ የሺመቤት


ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሊማሶል

ለተከበሩ እናቴ ለወ/ሮ የሺመቤት

እምዬ፣ ከእግርዎ ሥር ዝቅ ብዬ ሰላም እላለሁ። የእመቤታችን ምልጃ ከእርስዎ፣ ከወንድሜ ከወልደ ጻድቅ፣ ከየብርጓልና ከዜማ አይለይ። ደብዳቤዎ ወር ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ደረሰኝ። እኔ ደኅና ነኝ። አሮጊቷ መንገድ ላይ ካልሆነ በቀር ዱላ አልይዝም ብለው አስቸግረውኛል፤ እርስዎን ያስታውሱኛል።

ለጉልበትዎ ሽታ የሌለው ቅባት አለ ብለውኛል፤ አፈላልጌ እልካለሁ። ሐኪም ዘንድ ግን ይሂዱ። ለጀልባውና ለሕክምናው የሚሆን ለወልደ ጻድቅ ልኬያለሁ።

የመቁጠሪያውን ነገር በሚመለከት፣ ያ የየብርጓል ነው፤ ከገዳም የመጣም አይደለም። ለእርስዎ ከወይራ እንጨት የተሠራ እፈልግልዎታለሁ። የእሷን ግን ይተዉላት። «ሰው የሰው መቁጠሪያ አይነካም» ብለው ያሳደጉኝ እርስዎ አይደሉ?

ልጅንም በሚመለከት፣ እባክዎ አይጫኗት። ሁሉም በጊዜው ይሆናል። ይልቅ አባይ ማዶ ያለው የእኅትዎ እርሻ ዘንድሮ እንዴት ሆነ? የዜማን ፎቶ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል።

ልጅዎ እናትዓለም


መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከሐይቁ ዳር

ለልጄ ለእናትዓለም

የጾሙን ወራት በሰላም ያስፈጽምሽ፣ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርስሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስለ ልጅ ስጠይቅሽ ስለ እርሻ ትመልሽልኛለሽ። የወለድሁሽ እኔ ነኝ፤ ነገር ስታዞሪ አውቅሻለሁ። እርሻውም ደኅና ነው።

የብርጓል አባቷን አሟቸው ዜማን ይዛ መሸንቲ ሄዳ ሰነበተች። ያን መቁጠሪያዋን እዚያው ራስጌዋ ትታው ሄደች። በዚህ በታላቁ ጾም ጸሎተኛ ሰው መቁጠሪያውን ጥሎ ይሄዳል? ገረመኝ። የእኔው ክሩ ተበጥሶ ስለነበር፣ የሰው አይነካም ብልሽም፣ የቤት ሰው የባዕድ አይደለም ብዬ አንድ ማለዳ አነሣሁት።

«እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያልሁ ስቆጥር አርባ አንድ ሳይደርስ ፍሬው አለቀብኝ። ተሳስቼ ነው ብዬ ደገምሁት። ሠላሳ ሁለት! የምን ሠላሳ ሁለት ነው? ጥርስ ነው? እንግዲህ የብርጓል ስንት ዘመን ሙሉ ጸሎቷን ዘጠኝ እያጎደለች ኖራለች ማለት ነው። አዘንሁላት። የሠራውንም ሰው ታዘብሁት፤ የፈረንጅ ነገር አንዱን ቢያሳምር አንዱን ይረሳል።

እማሆይ ወለተ ሥላሴ ዘንድ ሄጄ ያንኑ የሚመስል ቡኒ የእንጨት ፍሬ ለመንሁ። ክሩን ፈትቼ ዘጠኙን ጨመርሁ። ነጮቹ በተርታ ተሰልፈው ስላማሩኝ አልበተንኋቸውም፤ ከቀዩ ቀጥለው ካሉት ቡኒዎች ጋር ነው የሰካኋቸው። አዲስና አሮጌው አይለይም። ያቺንም የጎማ ቀለበት፣ ጸሎት ያቆመችበትን ማስታወሻ ይሆናል ብዬ፣ ቀዩ ላይ መለስኋት። አሁን አርባ አንድ ሞላ። የብርጓል ከመጣች በኋላም አልነገርኋት። በጎ ነገር ተሠርቶ አይለፈፍም።

ፋሲካም ደርሷል። ከዚያ በኋላ ሃምሳውን ቀን ጾም የለም። አባትሽ ሲቀልዱ «የቄስ ልጅ የጥር ልጅ ነው፤ ከፋሲካ ወዲህ ቆጥረህ ድረስበት» ይሉ ነበር። አንቺም የጥር ነሽ፣ ወንድምሽም የጥር ነው። እኔም የሚመጣውን ጥር እጠብቃለሁ።

ቅባቱን እርሺው። ለክርስትና የሚሆን ነጭ የሕፃን ልብስ ካገኘሽ ግን ያዢልኝ።

እናትሽ የሺመቤት


ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሊማሶል

እምዬ፣ እንኳን ለትንሣኤው አደረሰዎ። ሰላምታዬ ካጠረ ይቅር ይበሉኝ።

የመጋቢቱ ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ነው። ካነበብኩት ጀምሮ ስልክ ስሞክር ነው የዋልኩት፤ የወልደ ጻድቅም የጎረቤትም አይሠራም። እዚህ አብሮን የሚሠራ አምባቸው የሚባል የግሽ አባይ ልጅ እናቱን ሊጠይቅ ነገ ይበራል። ይህን ወረቀት ሐይቁን ተሻግሮ በእጅዎ እንዲያስረክብ አስምዬዋለሁ።

እምዬ፣ ያ መቁጠሪያ አይደለም። የልጅ ማራራቂያ ነው።

የምናገረው ነውር ከመሰለዎ ይታገሡኝ። ሴት በወሩ ውስጥ ሁልጊዜ አታረግዝም፤ የምታረግዝባቸው ጥቂት ቀናት ናቸው። የብርጓል የወር አበባዋ የመጣ ዕለት ቀለበቷን ቀዩ ላይ ታደርጋለች። ከዚያ በየጠዋቱ አንድ ፍሬ ታሻግራለች። ቡኒው ላይ ስትሆን ነጻ ናቸው። ነጩ ላይ ስትደርስ ታረግዛለችና ሁለቱም ይታገሣሉ። ነጩን ጨርሳ ቡኒ ስትይዝ እንደገና ነጻ ናቸው። ለሁሉም ሴት አይሆንም፤ አበባዋ ጊዜውን ጠብቆ ለሚመጣ ነው፣ የእሷ ደግሞ አያዛባም። በጾም ወራት ለሁለቱም አያስፈልጋቸውም፤ ጥላው የሄደችው ለዚያ ነው።

እርስዎ ዘጠኝ ቡኒ ከነጩ በፊት ጨመሩበት። እሷ ፍሬውን አትቆጥርም፤ «ቀለሙን ብቻ እዪ፣ ቁጥር አያስጨንቅሽ» ያልኳት እኔ ነኝ። ስለዚህ ነጻ ነኝ ብላ ቡኒው ላይ በምትሆንባቸው ቀናት ነው የምታረግዘው። አሁን ደግሞ ሃምሳው ነው።

ለምን ትጠነቀቃለች ይሉኝ ይሆናል። ዜማ ስትወለድ «ብርድ መቷት ሐኪም ቤት አደረች» ያልንዎ ውሸት ነው። የደም ግፊቷ ጨምሮ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ፤ ሦስት ቀን ራሷን አታውቅም ነበር። ሐኪሙ ግፊቱ በደንብ ሳይስተካከል ብታረግዝ ሕይወቷ ሊያልፍ እንደሚችል ለወልደ ጻድቅ ነግሮታል። የወሊድ መከላከያ ክኒኑ ግፊት ላለበት አይሆንም ተባለች። መርፌውን ሞከረች፣ ደሟ አልቆም አለ። ይህኛውን ሁለቱ ተማክረው መረጡት።

ወልደ ጻድቅ እንኳ በሃምሳው መታቀብ ያልታዘዘ ጾም እንዳይሆንበት ተጨንቆ የነፍስ አባቱን መምሬ መርስዔ ኀዘንን ጠይቋል። እሳቸውም «ጾም ከእህል ነው፤ ባልና ሚስት ተስማምተው ቢታገሡ የማን በዓል ይሻራል?» ብለውታል። ከእርስዎ የደበቅነው እንዳይደነግጡብን ነው። ዝም አይነቅዝም ብለን ነበር፤ ነቀዘ።

አሁኑኑ ለየብርጓል ይንገሯት። ካፈሩ ወረቀቱን ይስጧት። አይዘግዩ፣ እምዬ።

እናትዓለም


ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከሐይቁ ዳር

ለእናትዓለም

አምባቸው ቅዳሜ በገበያው ጀልባ መጥቶ ደብዳቤሽን ሰጠኝ። ጨዋ ልጅ ነው፤ እህል ሳይቀምስ ተመለሰ። ወረቀቱን ጓሮ ዛፉ ሥር ተቀምጬ ሁለቴ አነበብሁት።

የብርጓል ጌሾ ትወቅጥ ነበር።

«ያን የራስጌሽን ነገር አምጪው» አልኋት።

ደነገጠች። ሄዳ አመጣችው። ቀለበቷ ቡኒው ላይ ነበረች።

«ቁጠሪው» አልኋት።

«ለምን፣ እማማ?»

«ቁጠሪው አልሁሽ እኮ።»

ቆጠረች። አርባ አንድ ላይ ደረሰች። «ሠላሳ ሁለት ነበር» አለች።

«ዘጠኙ የእኔ ነው» አልኋት፤ ደብዳቤሽንም ሰጠኋት።

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አልጮኸችም። ሙቀጫው አጠገብ ቁጭ ብላ አነበበችው፣ አጥፋም መለሰችልኝ። «ለምን አልጠየቁኝም፣ እማማ?» አለች። እኔም «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኋት።

ወልደ ጻድቅ ማታ ሲመጣ ራሴ ነገርሁት። ጥምጥሙን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ «ቡኒው ላይ ነን ብለን ነበር» አለ፤ ይህንኑ ብቻ። አንገቱን ደፍቶ እንደዚያ ሳየው የስድስት ዓመት ልጅ ሆነብኝ። በማግሥቱ ባሕር ዳር ወስዷት ግፊቷን ተለካች። ከፍ ብሏል፤ መድኃኒት ጨመሩላት። ማርገዟን ለማወቅ ግን ጊዜው ገና ነው፣ አበባሽ ከቀረ ተመለሺ ብለው ሰደዷት።

እኔ ዘጠኙን ፍሬ በራሴ እጅ አውጥቼ ሐይቁ ውስጥ ጣልኋቸው።

ልንገርሽ፤ ተቀይሜሻለሁ። «የሰው መቁጠሪያ አይነካም» ከምትዪኝ «እምዬ፣ ይህ ለዚህ ነው» ብትዪኝ ምን ነበረበት? እኔ ሰባት ወልጄ ያሳደግሁት እናንተን ሁለታችሁን ነው። አምስቱን በደረቴ ታቅፌ ነው የሸኘኋቸው። ስድስተኛውን ሳረግዝ አምስተኛው ገና ጡት አልጣለም ነበር። ይህን የማይገባት ሴት አድርጋችሁ ነው የቆጠራችሁኝ? ያን ጊዜ እንዲህ ያለውን ፍሬ በክር ሰክቶ የሚሰጠኝ ሰው ባገኝ እግሩን እስም ነበር።

ከአንቺ ይልቅ ግን ራሴን ተቀይሜዋለሁ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት እኔ ነኝ። አባትሽ ተማሪዎቻቸውን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እያሉ ሲገሥጹ ከጓዳ ሆኜ እስቅ ነበር።

ፈርቻለሁ፣ ልጄ። ምንም አትላኪልኝ። ልብሱንም ገዝተሽ ከሆነ ለሌላ ስጪው። ጸልዪ ብቻ።

እናትሽ


ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሊማሶል

እምዬ፣ ቅዱስ ሚካኤል በዛሬ ቀኑ እዚያ ያላችሁትን ሁሉ ይጠብቅልኝ።

አምባቸው ይድረስ አይድረስ አላውቅም። ከእርስዎም ምንም አልሰማሁ። ትናንት ስልኩ አንዴ ገብቶልኝ ነበር፤ ዜማ አንሥታ «ማነው?» አለችኝ። «አክስትሽ ነኝ» ስላት «አክስቴ ስልክ ውስጥ ናት» ብላ ዘጋችብኝ። ሳቅኩ፣ ከዚያም አለቀስኩ።

ሆኖ ከሆነ፣ አርግዛ ከሆነ፣ አንድ ቀን እንዳታሳድሩ። የሚያውቃት ሐኪም ዘንድ ይዛችኋት ሂዱ። ወጪው አያሳስባችሁ። እኔም ለአሠሪዎቼ ነግሬያለሁ፤ አስፈላጊ ከሆነ ሥራውን ትቼ እመጣለሁ።

እባክዎ እሷን አይቆጧት። ደብቁ ያልኩት እኔ ነኝ። እሷማ ከመጀመሪያው «ለእማማ እንንገራቸው፣ ያውቁበታል» ትለኝ ነበር። ይህን ሳልነግርዎ ቀርቻለሁ።

የየብርጓልን ነገር በአንድ መስመር ቢሆን ይጻፉልኝ።

እናትዓለም


ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከሐይቁ ዳር

ለልጄ ለእናትዓለም

እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን አስቀድሜ ልጻፍልሽ፣ ሌላውን ቀስ ብለሽ ታነቢዋለሽ።

ያ ሰሞን እንዴት እንዳለፈ አትጠይቂኝ። ውሃ እንዳትቀዳ ከለከልኋት፣ ሙቀጫውን ከእጇ ነጠቅሁ። ግፊት ጨው አይወድም ቢሉኝ ዶሮውን ያለ ጨው ሠርቼ ወንድምሽ ከፍስክ ወደ ጾም የተመለሰ መሰለው። በየጠዋቱ ሆዷን አያለሁ። አንድ ቀን አላስችል ብሏት «እማማ፣ በዚህ ቀን ሆድ አይገፋም እኮ» ብላ ሳቀች። ከዚያች ዕለት ወዲህ መነጋገር ጀመርን። ስለ እነዚያ ሦስት ቀናት ነገረችኝ። ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው «ልጄን ማን አጠባት?» ብላ እንደሆነ ነገረችኝ። እኔም በዘመኔ ለማንም ያልነገርሁትን ስለ አምስቱ ነገርኋት፤ ስማቸውን አንድ በአንድ ጠየቀችኝ።

ለካስ አንድ ቤት አራት ዓመት አብረን ኖረን አንተዋወቅም ነበር።

ትናንት የግንቦት ማርያም ነበረች። ዜማን እጇን ይዘን አብረን ወጣን። ወልደ ጻድቅ ከሌሊት ገብቶ እየቀደሰ ነበር። የቅጽሩ በር ስንደርስ የብርጓል ቆመች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ሰገደች፣ የበሩን መቃን ሳመች፣ አልገባችም።

«እርስዎ ይግቡ፣ እማማ። እኔ ከዚሁ ነኝ» አለችኝ።

ሴት በምን ምክንያት ከውጭ እንደምትቆም አንቺም ታውቂዋለሽ። ስንቱን ወር ይህንኑ ስትለኝ «አሁንም የለም» እያልሁ ፊቴን አጥቁሬባት እገባ ነበር። ትናንት ግን ግንቡን ተደግፌ ቆምሁ።

«እርግጥ ነው?» አልኋት።

«እርግጥ ነው፣ ጠዋት ነው የመጣው» አለች። ጉንጯ ረጥቦ ነበር።

እልል ልል አፌን ከፍቼ፣ ሰው ምን ይላል ብዬ በነጠላዬ ያዝሁት። ደስ አለኝ፣ እናትዓለም። ልጅ አልመጣም ተብሎ ደስ ሲለኝ ይህ በዕድሜዬ የመጀመሪያ ነው። ሁለታችንም ስናለቅስ ዜማ «ማን መታችሁ?» እያለች ታየናለች።

ቅዳሴው ተጀምሮ ነበር። ለዜማ ቦታ አበጅቼ ዛፉ ሥር ከየብርጓል ጎን ቆምሁ። የወልደ ጻድቅ ድምፅ እስከ ውጭ ይሰማል፤ በሚሰገድበት እንሰግዳለን፣ በሚመለስበት እንመልሳለን። አንዲት የዕድሜ እኩያዬ ዘግይታ ስትገባ አየችኝና ቆመች።

«የሺመቤት! አንቺን ደግሞ በዚህ ዕድሜሽ ምን አግኝቶሽ ነው ከውጭ የቆምሽው?» አለችኝ።

«ልጄ ውጭ ናት፤ እኔ ወዴት እገባለሁ?» አልኋት።

እናትሽ የሺመቤት